ሳይፈርስ መመዝገብ፦ የምኖርበት ካውንቲ ቅርሱን የሚጠብቅበት መንገድ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ከምትገኘው ከሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከባቡር ሐዲዱ በላይ የሚያልፍ አንድ ጠባብ ድልድይ ነበረ። ታልበት አቬኑ ድልድይ ይባል ነበር። የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ስለነበር ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ሲኖር ቆሞ መጠበቅ ግድ ነበር። ወለሉ የእንጨት ሳንቃ በመሆኑ ጎማ በላዩ ባለፈ ቁጥር ሳንቃዎቹ እየተንኳኩ የሚያሰሙት ድምፅ እስከ ቤቶቹ ደጃፍ ድረስ ይሰማ ነበር። ወደዚህ አገር በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በዚያ ድልድይ ላይ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላስታውስም። ለእኔ መንገድ የሚያሳጥር አሮጌ ብረት ነበር እንጂ ታሪክ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በኋላ እንደተረዳሁት ድልድዩ የተሠራው በ1918 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባቡር ጎታቾችን አቅጣጫ ለማስቀየር ያገለግል የነበረ ማዞሪያ ብረት ተነሥቶ ነው ድልድይ የሆነው። ከሐዲዱ በአንደኛው ወገን ሊተንስቪል የሚባል የጥቁሮች መንደር አለ። መንደሩ ስሙን ያገኘው በ1853 በዚያ ቦታ መሬት ከያዘ ሳሙኤል ሊተን ከተባለ ነፃ ጥቁር ሰው ነው። በሌላው ወገን የተቆረቆሩት ሰፈሮች ግን በቤቶቻቸው ውል ላይ ለጥቁር እንዳይሸጡ የሚከለክል ግዴታ የሰፈረባቸው ነበሩ። ሊተንስቪል እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ አስፋልትም የቧንቧ ውሃም ሳይገባለት የቆየ መንደር በመሆኑ፣ ነዋሪው ወደ ሥራውም ወደ ገበያውም ብቅ የሚልባት በር ያቺ ድልድይ ነበረች።

ድልድዩ በ2017 ለመኪና ተዘጋ። ፐርፕል ላይን የተባለው የቀላል ባቡር መስመር በዚያ በኩል እንዲያልፍ ስለተወሰነ መፍረሱ የታወቀ ነበር። የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች ግን ዝም ብለው አላዩትም፤ በሴፕቴምበር 22 ቀን 2018 በድልድዩ ላይ ተሰብስበው የመቶኛ ዓመት በዓሉን አከበሩለት። እኔም ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። በዕድሜ የገፉ የሊተንስቪል ሰዎች የድልድዩን ብረት በመዳፋቸው እየዳበሱ ሲያልፉ ሳይ፣ አገር ቤት ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የደጁን መቃን የሚስምበት ሁኔታ ትዝ አለኝ። በተከታዩ ዓመት ድልድዩ ፈረሰ። ነዋሪዎቹ አጥብቀው በመጠየቃቸው ከትልልቆቹ ተሸካሚ ብረቶች የተወሰኑት ለመታሰቢያ እንዲቀመጡ ተደርጓል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልተወኝም። መቶ ዓመት ሙሉ የቆመ ነገር ሊፈርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው ምንነቱን የተማርኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ እንደ አውራጃ ባለው በዚህ በምንኖርበት አስተዳደር፣ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ የት ተመዝግቧል? ማንስ ነው የሚጠብቀው? ጥያቄው ስላላስተኛኝ ትርፍ ጊዜዬን በዚህ ጉዳይ ላይ ማዋል ጀመርኩ፤ ቀጥሎ የምጽፈውም በዚያ ፍለጋ ያገኘሁትን ነው።

ካውንቲው የተመሠረተው በ1776 ነው። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል፤ የእኛም ሰው በብዛት ከሚገኝባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ነው። በአካባቢው የሚገኙ ታሪካዊ ቦታዎችን የሚዘረዝር የመጀመሪያው ሰፊ ጥራዝ የወጣው በ1976 ነው። ዝርዝሩ ቤት፣ የእርሻ ጎተራ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ መቃብር ሳይል በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎችን ይዟል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1979 የካውንቲው ምክር ቤት የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በካውንቲው የሕግ መድብል ውስጥ ምዕራፍ 24ኤ የሚባለው ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ዘጠኝ አባላት ያሉት የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ሲሆን፣ አባላቱን የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ይሾማቸዋል፣ ምክር ቤቱም ያጸድቃቸዋል። በአባልነት የሚቀመጡት በሥነ ሕንፃ፣ በታሪክና በከተማ ንድፍ የሠለጠኑ ሰዎችና ተራ ነዋሪዎች ናቸው። በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ከአራት መቶ በላይ ነጠላ ቦታዎችና ከሃያ በላይ ታሪካዊ ሰፈሮች የሕግ ከለላ አግኝተዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጥቀስ። በ1976ቱ ዝርዝር ውስጥ መገኘትና በሕግ መጠበቅ አንድ አይደሉም። ዝርዝሩ «ይህ ቦታ ሊጠና ይገባዋል» የሚል የመጀመሪያ ምልክት ነው። ሙሉ ከለላ የሚገኘው ጥናቱ ተሠርቶ፣ ኮሚሽኑና የፕላን ቦርዱ አይተውት፣ የካውንቲው ምክር ቤት በዋናው የቅርስ ጥበቃ ፕላን ውስጥ ሲያስገባው ነው። በየደረጃው ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ይደረጋል፤ ማንም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃዎች ሊናገር ይችላል። የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖረውም ይናገራል። ብዙ ቦታዎች የዳኑት እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ለመናገር ከሥራ መልስ ደክሟቸው በሚመጡ ሰዎች ነው፤ የኮሚሽኑ ስብሰባ የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ማታ ስለሆነ።

ይህ ሕግ በተራ ሰው ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል በቅርበት ያየሁት በአንዲት እናት ቤት ነው። እትዬ የምላቸው እኚህ ሴት ከባለቤታቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ታኮማ ፓርክ ውስጥ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዙ። ታኮማ ፓርክ በ1883 የባቡር መስመርን ተከትሎ የተቆረቆረ መንደር ሲሆን፣ ከ1992 ጀምሮ በካውንቲው ፕላን ውስጥ ታሪካዊ ሰፈር ሆኖ ተመዝግቧል። እትዬ ይህን በሚገባ አላወቁም ነበር። አንድ የቤት ዕድሳት ሠራተኛ «እነዚህ መስኮቶች ብርድ ያስገባሉ፤ ሁሉንም በፕላስቲክ ልቀይርልዎት» ብሎ አግባብቷቸው፣ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ሳይነግራቸው የፊት ለፊቱን ሁለት መስኮቶች ነቀለ። ብዙም ሳይቆይ ሥራው እንዲቆም የሚያዝና ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያሳስብ ደብዳቤ ደረሳቸው።

ደብዳቤውን ይዘው የመጡት ወደ እኔ ነበር። ኩርሲ ላይ እንደተቀመጡ «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ለፍቼ በገዛሁት ቤት፣ የገዛ መስኮቴን ልቀይር ብል ፈቃጁ ማን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ቁጣቸው ገብቶኛል። በአገራችን ቤቱ በድንገት ሲፈርስበት ያየ ሰው፣ መንግሥት ስለ ቤቱ የጻፈው ደብዳቤ ሲደርሰው ልቡ መደንገጡ አይቀርም። «እትዬ፣ ደብዳቤው ቤትዎን ሊወስድ አይደለም፤ ቤትዎ እንዳይበላሽ ነው» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ያን ዕለት ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ማመልከቻውን አብረን ሞላን። የታሪካዊ አካባቢ የሥራ ፈቃድ የሚባለው ማለት ነው። የቤቱን የፊት፣ የጎንና የኋላ ገጽ ፎቶ አንሥተን፣ ሊሠራ የታሰበውን ሥራ በዝርዝር ጽፈን አስገባን። ከስብሰባው ቀደም ብሎ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎቹ ስለ ጉዳዩ የጻፉት ጽሑፍ ለሕዝብ ይወጣል፤ አነበብኩላቸው። ቤቱን በሰፈሩ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ካላቸው ቤቶች መድቦታል፤ ዋናው ሐሳቡም ከመንገድ የሚታየው የፊት ገጽ ላይ ጥብቅ መሆን፣ ከመንገድ በማይታየው በኋለኛው ገጽ ላይ ግን ለቀቅ ማለት እንደሚቻል ነበር። በስብሰባው ላይ ጎናቸው ተቀምጬ እያስተረጎምኩ ሳለ ከአባላቱ አንዷ የተነቀሉት መስኮቶች የት እንዳሉ ጠየቀች። እትዬ ሳያመነቱ «ጋራዥ ውስጥ አሉ፤ ደኅና እንጨት እንዴት ይጣላል?» አሉ። ይህን ስተረጉም የአባላቱ ፊት ሲፈካ ዛሬም ይታየኛል። ሠራተኛው ሊጥላቸው ሲል ከልክለውት፣ አንድ ቀን መደርደሪያ አሠራባቸዋለሁ ብለው በአንሶላ ጠቅልለው አስቀምጠዋቸው ነበር።

ውሳኔው የፊት መስኮቶቹ ተጠግነው ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ፣ የኋላዎቹ ግን መልካቸውን በሚመስል አዲስ መስኮት ሊቀየሩ እንደሚችሉ የሚል ነበር። ጥገናውን የሠራው አናጢ ሥራውን ሲጀምር እኔም ነበርኩ። የመስኮቱን ማቀፊያ ጎን ያለች ትንሽ ክዳን በጠፍጣፋ ብረት ፈልቅቆ ሲከፍት፣ ከውስጥ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ውስጥ እንደ ቋሊማ የረዘመ የዛገ ብረት ወድቆ ተኝቷል፤ ጫፉ ላይ የተበጠሰ ገመድ አለ። አናጢው ብረቱን አንሥቶ አሳየን። ለካስ መስኮቱ ወደ ላይ ሲገፋ በቀላሉ እንዲሄድና በተገፋበት እንዲቆም የሚያደርገው፣ ግድግዳው ውስጥ በገመድ የሚንጠለጠለው ይህ ክብደት ኖሯል። ገመዱ ስለተበጠሰ ነው እትዬ መስኮቱን በዱላ ደግፈው ይከፍቱት የነበረው። አዲስ የጥጥ ገመድ ታሰረለት፤ መስታወቱን የያዘው የደረቀ ስቱኮ ተፍቆ በአዲስ ተተካ፤ ዙሪያውን ብርድ የሚከለክል ማሸጊያ ገባለት። እንጨቱን ግን አናጢው እያደነቀ በጥፍሩ ይጭረው ነበር። መስመሮቹ እጅግ የተጠጋጉ፣ ቀስ ብሎ ካደገ አሮጌ ጥድ የተፈለጠ እንጨት ነው፤ ከተያዘለት ሌላ መቶ ዓመት ይቆያል አለን። ሁለት ጣት ብቻ አስጠግቶ መስኮቱን ወደ ላይ ሲገፋው ያለ ድምፅ ወጣ። እትዬ ራሳቸው ሦስት አራት ጊዜ ከፍተው ዘጉት።

ከወጪው ላይ ደግሞ የተወሰነው ተመለሰላቸው። ካውንቲው በተመዘገቡ ቤቶች የውጭ ገጽ ላይ ለሚደረግ ተቀባይነት ላገኘ ጥገና የወጣውን ገንዘብ 25 በመቶ ያህል ከንብረት ግብር ላይ ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ከእኛ ሰው ውስጥ እምብዛም አላጋጠመኝም። ሕጉ ግዴታውን በደብዳቤ ሲያሳውቅ መብቱን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው መተዉ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። በተመዘገቡ ሰፈሮች ቤት የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ ውል በሚፈርምበት ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ በሚገባው ቋንቋ ሊሰማ ይገባዋል። ሕጉ ባለቤቱ ቤቱን ሆን ብሎ ሳይጠግን በዝናብና በምስጥ እንዲፈርስ ማድረጉንም ይከለክላል። አገር ቤት ስንቱ ጥንታዊ ቤት ማንም ሳይነካው ጣሪያው እያፈሰሰ እንደ ፈረሰ ለሚያውቅ ሰው የዚህ አንቀጽ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል።

የሕግ ከለላ እውነቱን ለማወቅ ጊዜ እንደሚሰጥ ደግሞ የጆሳያ ሄንሰን ቤት አስተምሮኛል። ሄንሰን በ1789 በባርነት ተወለደ፤ በዚህ ካውንቲ በአይዛክ ራይሊ እርሻ ላይ በባርነት ለረጅም ዓመታት አገለገለ። በኋላም ወደ ኬንታኪ ተወስዶ ከዚያ በ1830 ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አምልጦ ካናዳ ገባ። በ1849 የታተመው የሕይወት ታሪኩ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ለጻፈችው «የአጎት ቶም ጎጆ» ለተባለው ልብ ወለድ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። የራይሊ ቤተሰብ ቤት ዛሬም በሰሜን ቤተስዳ በኦልድ ጆርጅታውን መንገድ ላይ ቆሟል። ከቤቱ ጎን ተቀጥሎ የተሠራ የግንድ ክፍል ስላለ፣ ሰዉ ለብዙ ዘመን «የአጎት ቶም ጎጆ ያ ነው» ይል ነበር። ቤቱ ለገበያ ሲቀርብ የካውንቲው ፓርኮች መሥሪያ ቤት በ2006 በአንድ ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

ከተገዛ በኋላ ባለሙያዎች የግንዶቹን የዕድገት ቀለበቶች ቆጥረውና አነጻጽረው መረመሩ። ዛፎቹ የተቆረጡት በ1850 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሄንሰን ካመለጠ ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ክፍል እሱ የኖረበት ጎጆ ሊሆን አይችልም፤ የቤቱ ወጥ ቤት ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ገበያ የሚስበውን ስም ይዞ መቀጠል ይቀል ነበር። እዚህ ግን እውነቱ በግልጽ ተነገረ። በግቢው የተደረገው ቁፋሮም ቀጠለ፤ በኤፕሪል 2021 የተከፈተው ሙዚየምም የሄንሰንን ሕይወት የሚተርከው ከዚህ እውነት ተነሥቶ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ቦታው ስሙን ቢያጣም ክብሩን አለማጣቱ ነው። ሄንሰን በዚያ መሬት ላይ ሠርቷል፣ ተገርፏል፣ ጸልዮአል፤ ጎጆው ባይገኝም መሬቱ ይኸው አለ። እንግዶች ሲመጡብኝ በመጀመሪያ የምወስዳቸው ወደዚያ ነው።

መንግሥት ገዝቶ የጠበቀው ቦታ ይህ ነው። ነዋሪው ራሱ ያዳናቸው ግን ብዙ ናቸው። ግሌን ኤኮ ፓርክ ውስጥ ዛሬም የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረሶች መጫወቻ፣ ካሩሴል የሚሉት፣ በ1921 በዴንትዘል ኩባንያ የተሠራ ነው። ፓርኩ ጥቁሮችን የማያስገባ መዝናኛ ነበር። በ1960 የበጋ ወራት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እነዚያ ፈረሶች ላይ ተቀምጠው አንነሣም በማለታቸው ታሰሩ፤ በፓርኩ አካባቢ የሚኖሩ ነጮችም ከእነሱ ጋር በበሩ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። መዝናኛው ከተዘጋ በኋላ ፈረሶቹ ሲሸጡ የአካባቢው ሰዎች 80,000 ዶላር አዋጥተው መልሰው ገዙአቸው። ልጄ በስድስት ዓመቱ የተቀመጠበት ቡናማ ፈረስ እነዚያ ተማሪዎች ከተቀመጡባቸው አንዱ ሊሆን ይችላል ብዬ ባሰብኩ ቁጥር፣ ያዋጡትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

በፎረስት ግሌን ያለው የናሽናል ፓርክ ሴሚናሪ ግቢ ደግሞ በ1887 እንደ ሆቴል ተሠርቶ፣ ከ1894 ጀምሮ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሆኖ፣ በ1942 የጦር ሠራዊቱ ለቁስለኞች ማገገሚያ የወሰደው ቦታ ነው። በጫካው መሀል የጃፓን ፓጎዳ፣ የሆላንድ የነፋስ ወፍጮ፣ የስዊስ ጎጆ የሚመስሉ ቤቶች ተደርድረዋል። ሠራዊቱ ቸል ብሎት ጣሪያው ሲረግፍ በ1988 ገደማ የአካባቢው ነዋሪዎች ሴሚናሪውን ለማዳን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ ግቢው ወደ ካውንቲው ተላልፎ ወደ መኖሪያ ቤቶች ተለወጠ። የቲያትር አዳራሹን ግን በ1993 እሳት በላው። ክርክሩ ሲረዝም የሚጠፋው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግን ሲልቨር ቲያትርም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1938 በጆን ኤበርሰን ንድፍ ተሠርቶ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተዘግቶ ሊፈርስ ተቃርቦ፣ የሥነ ሕንፃ ወዳጆች ባደረጉት ረጅም ክርክር ተርፎ በ2003 እንደገና የተከፈተ ሲኒማ ነው። የ1945ቱ የባቡር ጣቢያም አለ። ሞንትጎመሪ ፕሪዘርቬሽን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በ1998 ወስዶት፣ ወንበሮቹንና የቲኬት መስኮቱን ወደ ቀድሞ መልካቸው መልሶታል። እኔም አንዳንድ ቅዳሜ እየሄድኩ ወለል ጠርጌያለሁ።

ሕጉ ሊያድነው የማይችለው ነገርም አለ። በመሀል ከተማ የነበረው ቴስቲ ዳይነር የሚባለው ምግብ ቤት የባቡር ፉርጎ የሚመስለው አካሉ በ1946 የተሠራ ነው። በ2000 ቦታው ለሌላ ግንባታ ሲፈለግ፣ ከለላ ስለነበረው ተነቅሎ በጭነት መኪና ወደ ካሜሮን መንገድ ተጓጓዘ። በ2023 ግን ምግብ ቤቱ ሥራውን አቆመ። የሌሊት ሥራ እሠራ በነበረበት የመጀመሪያ ክረምቴ፣ ንጋት ላይ እዚያ ገብቼ እንቁላልና ቡና እያዘዝኩ እጄን አሞቅ ነበር። ግድግዳውን መመዝገብ ይቻላል፤ በውስጡ ያለውን ቡና፣ አሻግሮ ሰላም የሚለውን ሰውና ርካሹን ቁርስ ለማቆየት ግን ሕግ አልተጻፈም። ስለ ቅርስ ጥበቃ ስንነጋገር ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ አነሣለሁ፤ እስካሁን የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር ሩቅ ሊመስል አይገባም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው። ካውንቲው የቅርስ ጥበቃ ሕጉን ባወጣበት በዚያው በ1979 ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጎንደር ነገሥታት አብያተ መንግሥትና የሊተንስቪል የሳንቃ ድልድይ በግርማ አይወዳደሩም። ሁለቱንም የሚያኖራቸው ወይም የሚያጠፋቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ በቅርብ ያለ ሰው ስለ እነሱ በጊዜው መናገሩ ወይም ዝም ማለቱ። በ2024 ፒያሳ ስትፈርስ ስንቶቻችን በሩቅ ሆነን የድሮ ፎቶዎች ተቀባበልን። «ያ ቤት እኮ…» እያልን ያወራነው ከፈረሰ በኋላ ነበር። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ እኔም አልቅሻለሁ። ዳሩ ግን ዛሬ የምንኖርበትን ሰፈር ታሪክ የማናውቅ ከሆነ፣ እዚህም ነገ ያንኑ ልናደርግ ነው።

የራሳችንም ታሪክ እዚህ እየተጻፈ ነው። በጆርጂያ አቬኑና በፌንተን መንገድ ዳር በተደረደሩት አሮጌ ሱቆች ውስጥ እንጀራ ይጋገራል፣ በርበሬ ይሸጣል፣ ሐዋላ ይላካል፣ ክርስትና ይደገሳል። በአገሪቱ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የተለመደው መለኪያ አንድ ቦታ ቢያንስ ሃምሳ ዓመት እንዲሞላው ነው። የእኛ ሰዎች የመጀመሪያ ሱቆች ወደዚያ ዕድሜ እየቀረቡ ናቸው። አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም አልፈዋል። ከሊተንስቪል ሰዎች የተማርኩት እንዲህ ያለው ነገር በወረቀት ላይ ካልሰፈረ ቡልዶዘሩ ሲመጣ የሚናገርለት ማስረጃ እንደማይኖረው ነው። እነሱ መቶኛ ዓመቱን ማክበር የቻሉት ድልድዩ መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንዳለፈበት፣ ምን እንደነበረ የሚናገር ፎቶና የቃል ታሪክ ሰብስበው ስለነበር ነው።

ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ደብተር ይዣለሁ። አንድ ገጽ ለአንድ ቦታ ነው፦ አድራሻው፣ መቼ እንደተከፈተ፣ ማን እንደከፈተው፣ ከዚያ በፊት ሕንፃው ምን እንደነበረ፣ መቼ እንደተዘጋ። ሰዎችን ቡና እየጠጣን እጠይቃለሁ፤ ሲፈቅዱልኝም ድምፃቸውን እቀዳለሁ። እስካሁን ሠላሳ አንድ ገጽ ሞልቻለሁ። እትዬም የራሳቸውን ገጽ ሞልተዋል፤ ከደብዳቤው ጀምሮ እስከ መስኮቱ ክብደት ድረስ ያለውን ሁሉ በራሳቸው እጅ ጽፈው ሰጥተውኛል።

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ ወይም በዊተን የድሮ ሱቅ፣ የመጀመሪያ የጸሎት ቤት፣ የተከራያችሁት የመጀመሪያ ክፍል ፎቶ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ጻፉልኝ። ፎቶውን ከመላካችሁ በፊት ግን ገልብጡትና በእርሳስ ጀርባው ላይ ሦስት ነገር ጻፉበት፦ ቦታው፣ ዓመቱ፣ በፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም። ብዕር ወረቀቱን አልፎ ፎቶውን ስለሚያበላሸው በእርሳስ ይሁን።